መዋጫ ያጣ መድኃኒት

«መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣቸዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግላቸው?» የምትል አነጋገር ጎንደር ውስጥ በየቡና ቤቱ እሰማለሁ። የሚናገሩት ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። መምህር አለበት፣ ነጋዴ አለበት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋወን የለበሰ አለበት። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አልወርድ ያለው ሕመምተኛ ሁሉ ለእነሱ ቸልተኛ ነው። እኔ ግን ፍርዱ ተገልብጧል እላለሁ።

ፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚውጠው በቀን አንድ እንክብል ነው፤ ጿሚው ማታ ሊወስደው ይችላል፣ ያጣ የነጣውም በባዶ ሆዱ ቢውጠው ይሠራለታል። የቫይረሱ ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 በታች ሲሆን «ተገታ» ይባላል። በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ዕድል ሰው በቸልተኝነት ብቻ ይጥለዋል?

ነገሩ ወዲህ ነው። የደባርቅ ሰው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ይመጣል። ደባርቅ ሆስፒታል ጠፍቶ አይደለም፤ በር ላይ ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ነው። የጎንደሩ በተራው ባሕር ዳር ይወርዳል። የትራንስፖርት ገንዘብ ባጣ ጊዜ ቀጠሮው ያልፋል። ቤት ውስጥም ሰላም የለውም። የብልቃጡን ወረቀት ይልጣል፣ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጎሰጉስበታል፣ ሰው ካለ ሳይውጥ ያድራል። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ቫይረሱ ይለምደዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን። ማን አስደበቀው? ኩባያ የለየበት ዘመድ፣ ቤቴን ልቀቅ ያለው አከራይ፣ «የእሷን እንጀራ አልገዛም» ያለው ደንበኛ አይደለም እንዴ?

የእንጀራም ጉዳይ አለ። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ቀጠሮው ሲደርስ እሱ በረሃ ነው። የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለን፤ የሚሰጠው ግን ቫይረሱ ለተገታለት ነው። ያልተገታለት በየወሩ ለምክር ይመላለስ ይባላል። ክትትሉ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ነገር ግን መመላለስ ስላልቻለ የታመመን ሰው አብዝተህ ተመላለስ ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ቀጠሮውን ያሳለፈው ማን ነው? በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የቀጠራቸውን 5,000 የጤና ባለሙያዎች ውል አቋረጠ። ይሄም የሕመምተኛው ቸልተኝነት ነው?

ጠበል ቦታ «ክኒን ይዘህ አትገባም» የሚሉትንም አልዘላቸውም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ፓትርያርክ የፈቀዱትን የሚከለክል አጥማቂ ሥልጣኑን ከየት አመጣው?

ልቡ የሰነፈ ሕመምተኛ የለም አልልም፤ አለ። ግን ካርድ ላይ «አድሄረንሱ ደካማ ነው» ብሎ ከመጻፍ በፊት «የት ታስቀምጠዋለህ? ቤት ውስጥ ማን ያውቃል? መቼ ነው ቆላ የምትወርደው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቆላ ለሚወርደውም እስኪመለስ የሚበቃውን አስይዞ፣ በስልክ እየተከታተሉ መሸኘት ይቻላል።

የቀረው የእኛ የጎረቤቶቹ ድርሻ ነው። ቤት የምታከራዩ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ፣ እድር የምትመሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ በግቢያችሁ አንድ ሰው እንክብሉን በእጁ ይዞ መብራት እስኪጠፋ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። መብራቱ እንደበራ ይዋጥ።