ስለ ከተማ ጎርፍና ስለ ሐይቅ አጠባበቅ

ዝናብ ለገበሬ በረከት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ያው ዝናብ በከተማ ላይ በወረደ ጊዜ ምን ይዞ እንደሚሄድና ወዴት እንደሚገባ የሚመረምር አስተዳዳሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ያሉትን ከተሞች የምታስተዳድሩ ሹማምንትና በዚያው ቤትና መሬት ያላችሁ ባለ ይዞታዎች ይህን ነገር በማስተዋል ልትመለከቱት ይገባል።

ለምሳሌ የሐዋሳን ሐይቅ እንውሰድ። ይህ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝ፤ እንደዚሁም ከከተማውና ከዙሪያው ጎርፍ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ውሃው በፀሐይ ሙቀት ይተናል፤ ከውሃው ጋራ የገባው አፈርና ቆሻሻ ግን በዚያው ይቀራል። እንግዲህ ከተማዪቱ ዛሬ በቦይ የምትሰደው ሁሉ ለልጆቿ የሚቆይ ዕዳ ነው።

ከዕዳውም ዋነኛው ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ በእርሻ ላይ ሲሆን እህልን ያፋፋል፤ በሐይቅ ውስጥ ሲበዛ ግን አልጌ የሚባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ያበዛል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ከወገኑም መርዝ የሚያወጣ ስላለ ለሰውና ለከብት ያሰጋል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በካናዳ አገር ሊቃውንት አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፤ ካርቦንና ናይትሮጅን በሁለቱም ወገን፤ ፎስፈረስ ግን በአንደኛው ወገን ብቻ ጨመሩ። አረንጓዴ የለበሰው ፎስፈረስ የገባበት ወገን ነው።

በከተማ ይህ ንጥረ ነገር የሚመጣው ከታጠበ አፈር፤ ከእበት፤ ከመጸዳጃ ፍሳሽ፤ ከሳሙና ውሃና ከበሰበሰ ቅጠል ነው። በበጋ የተከማቸውን ጥራጊ ጠርጎ የሚወርደው የመጀመሪያው ጎርፍ ስለ ሆነ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው።

ብዙዎች ግን፤ ጎርፍ ቤት እንዳያፈርስ ቀጥ ያለ የድንጋይ ቦይ ሠርተን ፈጥነን ወደ ሐይቁ እንሸኘው ይላሉ። የቤት መፍረስ በእውነት የሚያሳስብ ነው፤ ቦይም ያስፈልጋል። ነገር ግን ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ ሸክሙን ይዞ ይገባል፤ የዘገየ ውሃ ሸክሙን ያወርዳል። ብዙው ፎስፈረስ ከአፈር ጋራ ተጣብቆ የሚጓዝ ነውና፤ አፈሩን ያስቀረ ፎስፈረሱን አስቀረ።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፤ ዝናብ ሳይጀምር መንገድና ቦይ ይጠረግ፤ ጥራጊውም በቦዩ አፍ አይከመር። ሁለተኛ፤ ቦዩ ሐይቅ ከመድረሱ አስቀድሞ ደለል የሚያርፍበት ኩሬ ይበጅለት። ኩሬ የወባ ትንኝ ያራባል የሚል ቢኖር፤ ውሃው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲጎድል አድርጎ መሥራት ነው። ደለሉም በየዓመቱ ካልተዛቀ ኩሬው ሞልቶ ያስቀረውን መልሶ ይሰዳልና፤ ከመቆፈሩ በፊት የመዛቂያው ገንዘብ ይመደብ። ሦስተኛ፤ በውሃ የሟሟውን ፎስፈረስ ኩሬ አይዘውምና፤ የመጸዳጃ ፍሳሹን ከጎርፍ ቦይ ጋራ የሚያገናኝ ሁሉ ይከልከል። አራተኛ፤ በሐይቁ ዳር ያለው ረግረግና ደንገል አይታረስ፤ ለቤት መሥሪያም አይሰጥ።

ይህ ሥራ እንደ ሰፊ መንገድ በምረቃ ቀን ዓይን የሚስብ አይደለም። ነገር ግን ሐይቅ አንድ ጊዜ ከታመመ በኋላ ቆሻሻውን ብንከለክል እንኳ፤ በታቹ የተኛው ፎስፈረስ ኦክሲጅን ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ይነሣል፤ ፈውሱም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዓሣ አጥማጁም ያን ያህል ዘመን መረቡን ሰቅሎ ሊጠብቅ አይችልም። እንግዲህ ቦይ ለማሠራት ፊርማ የሚያኖር ሹም ሁሉ፤ ውሃው ከከተማው ወጥቶ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይጠይቅ።