«አብራችሁ ኖራችኋል?»፦ አንድ ጣሪያ ሥር ያልኖሩ ጥንዶችና የትዳር አጋር ቪዛ

የሚከተሉትን ጥንዶች እናስብ። ሽማግሌ ተልኳል፤ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ፈቅደዋል፤ ቀለበት ታስሯል። እርሷ አዲስ አበባ፣ እርሱ ሜልቦርን ይኖራሉ። ግንኙነታቸው ሦስት ዓመታትን ቢያስቆጥርም በአካል የተገናኙት እርሱ ለዕረፍት በመጣባቸው ሁለት ጊዜያት ብቻ ነው። የትዳር አጋር ቪዛ ማመልከቻውን መሙላት ሲጀምሩ ከአንድ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይቆማል፦ «አብራችሁ መኖር የጀመራችሁት መቼ ነው?»

እውነተኛው መልስ «ገና አልጀመርንም» የሚል ነው። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ መልስ ያላቸው ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። መልሱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት፣ አልፎ አልፎም ለመሸፈን የሚሞክሩ አሉ። የበርካታ አገራት ሕግ ባለፉት ዓመታት የተጓዘበት አቅጣጫ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አብሮ አለመኖር በራሱ ማመልከቻን ውድቅ የሚያደርግ ምክንያት መሆኑ እየቀረ ነው። ማመልከቻን ለውድቀት የሚዳርገው የግንኙነቱ እውነተኛነት በማስረጃ ሳይደገፍ መቅረቱ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የቀንዱ አካባቢ ጥንዶች ሕይወት ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አይሰፍርምና።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባህልና ቅጽ ሲጋጩ

በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ፣ በሶማሊያም ሆነ በሱዳን፣ በበርካታ የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከሠርግ ወይም ከኒካህ በፊት አብሮ መኖር የሚያስነቅፍ ነው። የግንኙነት ጥብቅነት የሚለካው ጥንዶቹ በአንድ ቤት በማደራቸው ሳይሆን ቤተሰብ ከቤተሰብ በመተዋወቁ፣ ሽማግሌዎች በመነጋገራቸውና ቃል በመታሰሩ ነው። በምዕራባውያን የኢሚግሬሽን ሕጎች ውስጥ የገባው የአብሮ መኖር መለኪያ ግን ጥንዶች ሳይጋቡ ቤት ተከራይተው መኖራቸው ከተለመደበት ማኅበረሰብ የመነጨ ነው። በአንዱ ዘንድ የቁም ነገር ማረጋገጫ የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ ነውር ነው።

ምክንያቱ ባህል ብቻም አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገራትና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በአሠሪዎቻቸው ቤት ሲሆን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ባል በዚያው ከተማ ቢኖር እንኳ የጋራ ቤት መመሥረት እጅግ አዳጋች ነው። በካምፓላ ወይም በናይሮቢ በስደተኝነት የሚኖር ሰውም እጮኛው ወዳለችበት አገር የሚያሻግረው የጉዞ ሰነድ ላይኖረው ይችላል። እነዚህ ጥንዶች ያልኖሩት አብረው መኖር ስላልፈለጉ ሳይሆን ስላልቻሉ ነው።

ከቤቱ ወደ ግንኙነቱ

የአውስትራሊያ የፍልሰት ሕግ ጥንዶች «አብረው የሚኖሩ» ወይም «በቋሚነት ተለያይተው የማይኖሩ» መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። በ2015 የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት ሳይጋቡ በጥንድነት ያሉ ሰዎችን በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ፣ ከዚያ ቀደም አብረው ኖረው አለማወቃቸው ብቻውን ከሕጉ ትርጓሜ ውጭ እንደማያደርጋቸው ግልጽ አድርጓል። ሆኖም ያልተጋቡ ጥንዶች በመርህ ደረጃ ከማመልከታቸው በፊት ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲህ ባለ ግንኙነት ውስጥ መቆየታቸውን ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። መዋደድና በስልክ መነጋገር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሕይወትን በጋራ ለመምራት መወሰን መታየት አለበት።

ብሪታኒያ በበኩሏ ያልተጋቡ አጋሮች ከማመልከታቸው በፊት ለሁለት ዓመታት አብረው መኖራቸውን ትጠይቅ ነበር። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ ግን መስፈርቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመታት ትዳርን በሚመስል ግንኙነት ውስጥ መቆየት ሆኗል። የተጋቡት ደግሞ በአካል የተገናኙ መሆናቸውን፣ ወደፊትም በብሪታኒያ በቋሚነት አብረው ለመኖር ማሰባቸውን ማሳየት አለባቸው እንጂ ቀድሞ አብሮ መኖር ግዴታቸው አይደለም።

ካናዳ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ጥንዶች ቢያንስ 12 ወራት በተከታታይ አብረው እንዲኖሩ የሚጠይቀውን ደንብ አላነሳችም። ነገር ግን ከእርሱ ጎን ሌላ በር ከፍታለች። ከካናዳ ውጭ ከሚኖር ሰው ጋር ቢያንስ ለአንድ ዓመት በጽኑ ግንኙነት የቆዩ፣ ከአቅማቸው በላይ በሆነ እንቅፋት ግን መጋባትም ሆነ አብሮ መኖር ያልቻሉ ጥንዶች የሚስተናገዱበት የተለየ መደብ አለ።

በአሜሪካ ሕግ ለእጮኛ የሚሰጠው ቪዛ አብሮ መኖርን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘትን ነው። ይህም ቢሆን ጥብቅና የቆየ ባህል ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት እንዳይገናኙ የሚከለክል ከሆነ ወይም መገናኘቱ በአሜሪካዊው አመልካች ላይ ከባድ ችግር የሚያስከትል ከሆነ ሊነሳ ይችላል።

የቤቱን ቦታ የያዘው ወረቀት

የአብሮ መኖር መስፈርት ላላ ማለት የማስረጃ ሸክሙ ቀለለ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሌላ በኩል ከብዷል። የአውስትራሊያ ደንብ አራት ነገሮች እንዲመዘኑ ያዛል፤ እነርሱም የገንዘብ ትስስር፣ የቤት አያያዝ፣ ግንኙነቱ በዘመድና በወዳጅ ዘንድ ያለው ዕውቅና እና ጥንዶቹ አንዳቸው ለሌላቸው ያላቸው ጽናት ናቸው። አብረው ያልኖሩ ጥንዶች ሁለተኛው ላይ ባዶ እጃቸውን ስለሚቀርቡ የቀሩትን ሦስቱን አጠናክረው ማሳየት ይኖርባቸዋል።

ለቀንዱ ጥንዶች ሦስቱም የየራሳቸው መሰናክል አላቸው። ገንዘብን እንውሰድ። እጮኛውን በየወሩ የሚደግፍ ሰው ገንዘቡን በባንክ ቢልክ ደረሰኝ ይኖረዋል። በመንገደኛ ወይም መደበኛ ባልሆነ ሐዋላ ቢልክ ግን ለሦስት ዓመታት ያለማቋረጥ የተወጣው ኃላፊነት አንድም የጽሑፍ ዱካ ሳይተው ያልፋል።

ስምም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ ባልና ሚስት የሚጋሩት የቤተሰብ ስም የለም። ልጅም የአባቱን የመጀመሪያ ስም አስከትሎ ይጠራል እንጂ ከእናቱ ጋር የሚያገናኘው ስም አይኖረውም። ይህን ልማድ ለማያውቅ የቪዛ መኮንን የአንድ ቤተሰብ ሰነዶች የማይዛመዱ ሰዎች ሰነዶች ሊመስሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ 213/2000 ተብሎ ይጠቀሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የጋብቻ ወይም የልደት ቀን በተለያዩ ሰነዶች ላይ በተለያየ መንገድ ሲመለስ ግን ልዩነቱ እንደ ቅራኔ ይቆጠራል፤ ቅራኔም ጥርጣሬን ይወልዳል።

በኢትዮጵያ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ እኩል ተቀባይነት አለው። የምስክር ወረቀት በማይኖርበት ጊዜም ሰዎቹ እንደ ባልና ሚስት መታየታቸውን በምስክሮች ማረጋገጥ ይቻላል። ይሁንና በዘመናዊ መልክ የተደራጀው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተጋቡ ብዙዎች በእጃቸው ያለው የሠርግ ፎቶግራፍና የሚዜዎቻቸው ትውስታ ነው።

በሌሉበት መጋባት

ርቀት ያስጨነቃቸው ጥንዶች አንዳንድ ጊዜ አቋራጭ መስሎ የሚታያቸው በውክልና ወይም በስልክ መጋባት ነው። ይህ መንገድ ከሚፈታው ይልቅ የሚያወሳስበው ይበልጣል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች በሥነ ሥርዓቱ ላይ ራሳቸው እንዲገኙ ያዛል፤ በውክልና መጋባት የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ካናዳ ከጁን 2015 ጀምሮ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻን ለኢሚግሬሽን ጉዳይ አትቀበልም፤ የተለየ አስተያየት የሚደረገው ለጦር ኃይሎቿ አባላት ነው። የአሜሪካ ሕግም ሁለቱ በአንድ ስፍራ ሳይገኙ የተፈጸመን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው የባልና ሚስት ግንኙነት ካልፈጸሙ በቀር፣ እንደ ትዳር አይቆጥረውም። በቤተሰብና በሃይማኖት ፊት የጸና ትዳር በቪዛ ቢሮ ፊት እንዳልነበረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለስደተኞች የጠበበው በር

ከሁሉም የከበደው የስደተኞች ሁኔታ ነው። በ2003 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቤተሰብ ማገናኘት መመሪያ ለስደተኞች የተሻለ መብት ይሰጣል። በተለይም ስደተኛው ይፋዊ ሰነድ ማቅረብ ባይችል ሌላ ማስረጃ እንዲታይለት፣ ማመልከቻውም በሰነድ እጦት ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ያዛል። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በማርች 2019፣ ኔዘርላንድስ የምትኖር ኤርትራዊት በሱዳን የነበረ በአሳዳጊነቷ ሥር ያለ ልጅን ለማምጣት ያቀረበችውን ጥያቄ በሚመለከት፣ ባለሥልጣናት የአመልካቾችን ልዩ ሁኔታ በግለሰብ ደረጃ መመርመር እንዳለባቸው ወስኗል። ጉዳዩ የልጅ ቢሆንም መርሁ ለጥንዶችም ይጠቅማል።

ነገር ግን ይኸው መመሪያ አባል አገራት የተሻለውን መብት ስደተኛው ወደ ግዛታቸው ከመግባቱ በፊት ለተመሠረተ ቤተሰብ ብቻ እንዲወስኑት ይፈቅድላቸዋል። በካርቱም ወይም በትሪፖሊ ተዋውቀው በስደት መንገድ ላይ ቃል የተገባቡ፣ ወይም አንዳቸው አውሮፓ ከደረሱ በኋላ የተጋቡ ሰዎች ዕጣ በየአገሩ ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አዝማሚያውም ወደ ማጥበቁ ያዘነበለ ነው። ብሪታኒያ የትዳር አጋር ለማምጣት የሚጠየቀውን ዓመታዊ ዝቅተኛ ገቢ በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ መንገድ አዳዲስ ማመልከቻዎችን መቀበል ለጊዜው በማቆሟ፣ ስደተኞችም ለዚሁ የገቢ መስፈርት ተዳርገዋል። ጀርመን በጁላይ 2025 ሙሉ የስደተኝነት ዕውቅና ሳይሆን ተጓዳኝ ከለላ ያገኙ ሰዎች ቤተሰብ የሚያመጡበትን መብት፣ ከልዩ የችግር ሁኔታዎች በስተቀር፣ ለሁለት ዓመታት አግዳለች። ሕጉ «አብራችሁ ባትኖሩም ግድ የለም» ባለበት ዘመን፣ አብሮ ለመኖር የሚያበቃው ደጃፍ ከፍ እያለ ነው።

የሐሰት ዋጋ

በዚህ መሐል ለብዙዎች ፈተና የሚሆነው የሌለውን ማስመሰል ነው። ኖረውበት የማያውቁትን ቤት የኪራይ ውል ማዘጋጀት ወይም ያልተደረገ ሠርግ ፎቶግራፍ ማንሳት እንደ ቀላል ማሟያ ይቆጠራል። መዘዙ ግን ለዓመታት የሚከተል ነው። በማመልከቻ ላይ ማታለል በካናዳ አምስት ዓመት፣ በብሪታኒያ እስከ አሥር ዓመት ሊያሳግድ ይችላል። በአውስትራሊያ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ለሦስት ዓመታት ቪዛ ያስከለክላል። በአሜሪካ ደግሞ ለኢሚግሬሽን ሲባል የተፈጸመ የይስሙላ ጋብቻ ወደፊት በቤተሰብ በኩል የሚቀርብን አቤቱታ ሁሉ ይዘጋል። የሚያሳዝነው፣ ግንኙነታቸው እውነተኛ የሆነ ጥንዶች ሕጉ በማይጠይቀው ነገር ላይ ዋሽተው እውነታቸውን ሊያጡ መቻላቸው ነው።

ሐቀኛው መንገድ ረዥም ቢሆንም ግልጽ ነው። አብሮ ያልተኖረበትን ምክንያት በዝርዝር መጻፍ፣ ግንኙነቱን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በጊዜ ቅደም ተከተል ማስረዳት፣ የጉዞ ማኅተሞችን፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞችንና የስልክ መዝገቦችን ማስቀመጥ ይጠይቃል። የስም አወጣጥና የዘመን አቆጣጠር ልዩነቶችን መኮንኑ ሳይጠይቅ ቀድሞ ማብራራት፣ ሽማግሌ የሆኑትና ሚዜዎች ያዩትን በፊርማቸው እንዲመሰክሩ ማድረግም ይገባል። እነዚህ ማመልከቻው ሲቃረብ የሚሰበሰቡ ሳይሆኑ ከመነሻው ጀምሮ የሚጠራቀሙ ናቸው።

ይህ ለሁሉም እኩል የሚቻል አይደለም። ባንክ የሚጠቀም፣ በየዓመቱ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት የሚችልና አማካሪ የሚቀጥር ሰው ማስረጃው ሳያስበው ይከማችለታል። ስልኳን አሠሪዋ የምትቆጣጠርባት የቤት ሠራተኛና ሰነዱን በባሕር ያጣ ስደተኛ ግን ያንኑ ፍቅር ባነሰ ወረቀት ማስረዳት አለባቸው። የመኖሪያ ቤት መለኪያው መነሣቱ ፍትሐዊ እርምጃ ቢሆንም፣ በቦታው የተተካው የወረቀት መለኪያ የኑሮ ልዩነትን ይዞ መጥቷል።

አዲስ አበባና ሜልቦርን ያሉት ጥንዶች ወደ ቅጹ ሲመለሱ «ገና አልጀመርንም» ብለው መጻፍ ይችላሉ። የሚፈረድባቸው በዚህ መስመር አይደለም፤ ከእርሱ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ለምን እንዳልጀመሩና እስካሁን እንዴት እንደዘለቁ በሚያስረዱት ነው።