ለኦሞ ዳርቻ ጎርፉ ይመለስ

የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሪቱ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አገኘች። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም ከግድቡ በታች የሚኖሩት ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ሕዝቦች ዓመታዊውን የኦሞ ወንዝ ሙላት ያጡት በዚሁ ሥራ ነው። ግድቡ በየዓመቱ የተመጠነ ጎርፍ እንዲለቅ በሕግ መገደድ አለበት።

ደጋው ክረምት ሲጠግብ ኦሞ ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ ለም ደለል ጥሎ ይሄድ ነበር። ሴቶቹ እርጥበቱ ሳያመልጣቸው በሾለ እንጨት እየቆፈሩ ማሽላ ይዘሩበት ነበር፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ዝናብም አይጠብቅም ነበር። የከብቱ ግጦሽ የሚያገግመውም በዚያው ሙላት ነበር። ዝናብ በማይታመንበት ቆላ ይህ የውኃ ሸሽ እርሻ የክፉ ቀን መድን ነበር።

ጎርፉ ሰው ይፈጃል የሚሉ እውነት አላቸው፤ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከ360 በላይ ዳሰነቾች አልቀዋል። በቅርብ ዓመታትም የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ መንደሮቻቸውን አጥለቅልቋል። ነገር ግን ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ የሚለቀቅ መጠነኛ ውኃ ከድንገተኛ ማዕበል ይለያል፤ ውኃውን ለመመጠን ደግሞ ከግድብ የተሻለ መሣሪያ የለም። መስኖ ይተካዋል የሚለውም ግማሽ መልስ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ማሳው ይደርቃል፣ ከዳርቻው መሬት ሰፊ ክፍልም ለኩራዝ ስኳር ልማት ተከልሏል።

የተለቀቀው ውኃ ሁሉ ተርባይን ስለማያዞር የሚቀንስ ኃይል መኖሩ አይካድም። የሴኔጋል ወንዝ አገሮች ግን የማናንታሊን ግድብ ከሠሩ በኋላ ለውኃ ሸሽ እርሻ ሲሉ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ለቀዋል፤ የጊቤ ሦስት የአካባቢ ጥናትም ራሱ ለ10 ቀን የሚቆይ ሙላት ቃል ገብቶ ነበር። አሁን ከጊቤ ሦስት በታች የኮይሻ ግድብ እየተገነባ ስለሆነ ደንቡ ለሁለቱም ግድቦች ባንድነት ይውጣ። የሚለቀቀው መጠንና ቀን ከዳርቻው ሽማግሌዎችና ዘሪ ሴቶች ጋር ይወሰን፣ በየዓመቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ከኤሌክትሪክ ሽያጩ ጥቂቱን ለዚህ መተው ለእነርሱ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የግድቡ እውነተኛ ወጪ አካል ነው።