እድር ለሙት ብቻ ነውን?

ዛሬ ስለ ግጥም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የእድር አዳራሽ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከንባብና ከጽሕፈት ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር፣ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አዳራሹ በሰፈራችን መካከል የቆመ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነው። በአንደኛው ጥግ የኀዘን ድንኳኑ ከነምሰሶዎቹ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በሌላው ጥግ ብረት ድስቶችና ጎላዎች ተደራርበዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ እንዳይጠፉ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ላለፉት ሦስት ክረምቶች በእነዚህ አግዳሚዎች ላይ ለቅሶ ደራሽ ብቻ ሳይሆን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም ተቀምጦባቸዋል። በሰፈሩ ያደግን ጥቂት ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰባስበን፣ ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ መቅጠር ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩ አሉ፤ የእኔ ድርሻ እንግሊዝኛ ነው።

ከአንድ ወር በፊት የእድሩ ኮሚቴ አስጠራን። የእድሩ ዳኛ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ያደግንባቸው ሽማግሌ፣ በለዘበ አንደበት እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ። ግን አዳራሹን ለሠርግና ለስብሰባ ብናከራየው ለእድርተኛው ገቢ ይሆናል። ለመሆኑ ከእነዚህ ሁሉ ልጆች ስንቱ አለፈ? የናንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን ብለን ነው።»

እኔም ተነሥቼ፣ «ያለፉ አሉ፣ ጋሼ» ብዬ በጣት የሚቆጠሩትን ልጆች በየስማቸው ጠራሁ። ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀና ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤው አስተላለፈው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እንቅልፍ የነሣኝ የኮሚቴው ጥያቄ አይደለም፤ የእኔ መልስ ነው። የጠራኋቸው ስሞች ጥቂት ነበሩ፤ ሳልጠራቸው የቀሩት ግን ብዙ።

እስቲ የአገሩን ቁጥር እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደየዩኒቨርሲቲው ተወስደው ሲሰጥ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ፤ አልክድም። ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና አንዱ ከመስመሩ በታች ቀርተዋል። ከፈተናው በፊት የነበረው ኩረጃ ቁጥሩን ሸፍኖት እንደ ነበር አሁን ግልጽ ሆኗል። ኩረጃው ሲወገድ የታየው የአንድ ዓመት ስንፍና አይደለም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ክምችት ነው።

እንግዲህ የእድር አዳራሽ በሁለት የክረምት ወራት ይህን የአሥራ ሁለት ዓመት ክምችት ሊንደው ይችላልን? አይችልም። የእኛን ሥራ «ስንቱ አለፈ?» በሚል ሚዛን ብቻ ከመዘንነው፣ ዛሬውኑ አዳራሹን ለሙሽሮች ማስረከብ ይገባናል። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር፤ ሚዛኑን ሳልመረምር ሸቀጤን አቀረብሁ።

ታዲያ ሥራችን ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሰጠችኝ አንዲት ተማሪ ናት። እናቷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምታሳድጋት፣ ብርቱና ዝምተኛ ልጅ ነች። የኬሚስትሪ ቀመሮችን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን ከቀደሙት ዓመታት ፈተናዎች መካከል አንዱን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ጥያቄው ከአራቱ ምርጫዎች ትክክል ያልሆነውን እንድታወጣ ያዝዛል። እሷ ግን ትክክል የሆነውን፣ ያውም የመጀመሪያውን መረጠች። ቀጣዩም እንዲሁ። «ለምን ይህን መረጥሽ?» አልኋት። ምክንያቷን አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳችኝ፤ ኬሚስትሪው አንዳች ስሕተት አልነበረበትም። ጣቴን በጥያቄው ውስጥ «ኤክሴፕት» በምትለው ቃል ላይ አድርጌ «ይህችስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያም «ጋሼ፣ እሷን እዘላታለሁ» አለችኝ።

እዘላታለሁ! ይህች ልጅ ኬሚስትሪ አልወደቀችም፤ የወደቀችው ንባብ ነው። ልጆቻችን በታችኛው ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ያልገባቸውን ቃል እየዘለሉ፣ የገባቸውን እየሸመደዱ ይጓዛሉ። እኛ በጎ ፈቃደኞቹስ ምን ስናደርግ ነበር? የድሮ ፈተና አባዝተን «ሀ ነው፣ ለ ነው» እያልን መልስ ስንነግራቸው ነበር። የመዝለልን ልማድ አጠናከርነው እንጂ አልነቀልነውም።

ነገሩ እንግሊዝኛ ላይም አያበቃም። በአሁኑ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውስጥ አማርኛ የሚባል ትምህርት የለም፤ ታላላቆቻችን በወሰዱት በቀድሞው የመልቀቂያ ፈተና ግን ነበረ። የማይፈተኑበትን ትምህርት ተማሪም መምህርም ችላ ይለዋል። ፈተናው እንደሆነ ከምርጫዎቹ አንዲት ፊደል መምረጥ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ የራሱን ሐሳብ በአንድ ገጽ ሳያሰፍር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ክሂልና የሎጂክ ትምህርት ይጠብቀዋል፤ ጽሑፍ አቅርብ፣ ተከራከር፣ ምክንያትህን አስረዳ ይባላል። ከቤቱ ርቆ፣ ማደሪያውን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተጋርቶ፣ ይህንንም እንደ አዲስ ሊጀምር ነው። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ በርና በመማሪያ ክፍሉ መካከል ብዙ ርቀት አለ። ለበሩ ብቻ ያዘጋጀነው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሲቸገር ማየት ያሳዝናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ለውጥ አደረግን። ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ለንባብና ለጽሕፈት ለየነው። በዚያ ቀን የፈተና ወረቀት አይገባም። አንድ ልጅ አንድ አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ያነበበውን በአማርኛ ይተርከዋል፤ ከዚያም ሁሉም በየደብተሩ በራሱ ቃል ይጽፈዋል። ተአምር አልተሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት መስመር መጻፍ ያቃታቸው ነበሩ። ያቺ ልጅ ግን በነሐሴ መጨረሻ ስለ እናቷ ምጣድ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ አመጣች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚለኮሰውን እሳት፣ የጭሱን ሽታ፣ እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እንጀራውን ስታወጣ ያለውን ሁሉ ጽፋዋለች። እኔ ግጥም እጽፋለሁ ብዬ የምመጻደቀው ሰውዬ፣ ያን ገጽ አንብቤ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ።

ውድ አንባብያን፤ ይህች ልጅ ፈተናውን አላለፈችም። ጥቂት ነጥብ ጎደላት። በግል ተፈታኝነት ድጋሚ ለመቀመጥ እየተዘጋጀች ነው። እስከዚያው ግን ወደ አዳራሹ መምጣቷን አልተወችም፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሰብስባ ታስነብባለች። «ኤክሴፕት» ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ይዛ ታቆማቸዋለች። በኮሚቴው ፊት ስሟን ያልጠራሁት ይህችን ልጅ ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቀደመው ደቀ መዝሙር ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ የኔታ አንድ ቢሆኑም አስተማሪው ብዙ ነው። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሮ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። እነዚህ ዘመቻዎች ከላይ የታዘዙ ነበሩና ትእዛዙ ሲቆም አብረው ቆሙ። የሰፈር ሥራ ግን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ የሚቆመው እኛ ስንተወው ብቻ ነው።

«እድር ለቀብር ነው፤ ትምህርት የመንግሥት ነው» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። እድር የከተማ ሕይወት የወለደው፣ ከዘመድ የራቀ ሰው ሲሞት ቀባሪ እንዳያጣ የተመሠረተ ተቋም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እድር በዚያው ተወስኖ አልቀረም። በኤች አይ ቪ ኤድስ ምክንያት በየቀኑ ድንኳን በሚተከልበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መደገፍና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። የሞተውን ከመቅበር የታመመውን ወደ መጠየቅ፣ ከዚያም ልጁን ወደ ማሳደግ ተሻገሩ። እንግዲህ ልጁን ማስነበብ ከዚህ አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው።

የኪራዩን ነገር ግን በንቀት አላልፈውም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም። የድንኳኑ ጨርቅ አርጅቷል፤ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ የኑሮ ውድነቱ በልቶታል። ደግሞም የእኛ ጥፋት አለ። ሐምሌ ሲገባ በሆይታ እንጀምራለን፤ መስከረም ሲጠባ እንበተናለን። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆቻችንም ተመልሰው ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩት ጥቂቶች ናቸው። አዳራሹን ይዘን ግማሹን ዓመት ባዶ ስናስቀምጠው፣ ሽማግሌዎቹ ቢያከራዩት ምን ይፈረድባቸዋል?

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሠርግ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነውና እነዚህ ቀናት ለኪራይ ይሁኑ፤ የሥራ ቀናት ምሽቶች ግን ዓመቱን ሙሉ ለልጆቹ ይተዉላቸው። ሁለተኛ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይሆን ከዘጠነኛ ክፍል እንጀምር፤ አራት ዓመት ያነበበ ልጅ በሁለት ወር ጥድፊያ አይደነብርም። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ለእድርተኛው የምናቀርበው ዘገባ ስንት ልጅ እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ አንድ መጽሐፍ አንብቦ እንደጨረሰ፣ ስንቱ አንድ ገጽ እንደጻፈ፣ ስንቱ ተመልሶ ሌላውን እንዳስተማረ ይናገር። ያለፈውን ልጅ ዩኒቨርሲቲው ይቀበለዋል። ያላለፈውን ግን የሚቀበለው ሰፈሩ ብቻ ነው፤ ከአዳራሹ ሲወጣ ማንበብና መጻፍ ይዞ ከወጣ፣ የትም ቢሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

እናንተን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ አዳራሽ አይጠፋም። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ ይገኛል፤ አንድ አጭር ልቦለድ ይዞ ገብቶ «እስቲ ይህን አብረን እናንብበው» የሚል ግን እምብዛም ነው። አንባቢ የለም እያልን በየመድረኩ እናማርራለን። አንባቢው እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ የከበደውን ቃል እየዘለለ ነው። ሄደን ጣቱን ብንይዝለትስ?

ጠቅላላ ጉባኤው በመጪው እሑድ ይሰበሰባል። ጋሼ ያንኑ ጥያቄ ዳግመኛ ቢጠይቁኝ፣ በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው የማንን ስም እንደሆነ አውቃለሁ። እስከዚያው ለእድርተኞቹ እንዳነብላቸው የጫርኋትን እነሆ፦

ለሄደው ወዳጅህ ድንኳን ከጣልህለት፣
ሦስት ቀን ተቀምጠህ አብረህ ካነባህለት፣
ለቀረው ለልጁ መብራቱን አብራለት፣
ፊደል የሚያይበት አግዳሚ ስጥለት።
ሙቱ አይጠይቅም «ስንት ሰው ቀበረኝ?»
ያለው ይጠይቃል «ማነው ያስተማረኝ?»