አንድ ምጣድ በሕዝብ ገንዘብ ስንት ጊዜ ይፈለሰፋል?

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱን ለእኛ የሚተርቱልን ባለበጀቶች ግን ራሳቸው አይኖሩበትም። በዚህች አገር በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄደውን የንጹሕ ኃይል ምርምር ጠጋ ብሎ ላየ ሰው፣ ድሩ አንበሳ ማሰሩ ቀርቶ ዝንብም አልያዘም። እያንዳንዱ ሸረሪት በየጥጉ ለብቻው ያደራል!

ነገሬን ከምጣድ ልጀምር። “ስንት የሚያንገበግብ ነገር እያለ ምጣድ?” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ኧረ ምጣድ ቀላል ነገር አይደለም! አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ማብራት ማለት ነው። የበዓል ዋዜማ ሰፈርተኛው ሁሉ ሊጋግር ሲነሳ መብራቱ ምን እንደሚሆን ለከተሜ አልነግርም። በአገር ደረጃ ደግሞ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ጭሱን የሚውጠው የእናቶቻችን ሳንባ ነው። ስለዚህ ምጣድ የደን፣ የጤናም የመብራትም ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎቻችን መላ ሊፈልጉለት መነሳታቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያገኙትን ለማን ነገሩ?

አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት ተቋም ግቢ ገብቼ ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ ምጣድ አየሁ። “ምንድነው?” አልኩ። “የፀሐይ ምጣድ ነው፤ ፕሮጀክቱ አልቋል” ተባልኩ። ፕሮጀክቱ ነው ያለቀው እንጂ ሥራው አላለቀም ልብ በሉ! ቀደም ሲል በሌላ ተቋም ተመሳሳይ ነገር ማየቴን ሳጫውተው አስጎብኚዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “እነሱም ይሠራሉ እንዴ?” ሁለቱም ደመወዝ የሚከፈላቸው ከአንድ ካዝና ነው። የእኔና የአንተ፣ የአንቺም ግብር ከሚገባበት ካዝና!

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው የፀሐይን ሙቀት በእንፋሎት ወደ ምጣድ አድርሰው እንጀራ ጋግረዋል። ከተለመደው ዝቅ ባለ ሙቀትም እንጀራ ዐይን እንደሚያወጣ አሳይተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ያንኑ ፀሐይ ሙቀት ተሸካሚ በሆነ ዘይት አምጥተው ጋግረዋል። እሰየው! ግን በአንድ ዓይነት ሊጥ፣ በእኩል ምጣድ፣ ለአንድ እንጀራ የትኛው ይበጃል? በየትኛው ዋጋ? ብዬ ብጠይቅ መልሱን ከነማስረጃው የሚሰጠኝ አንድ ቢሮ የቱ ነው? አገር በጦርነት ስትታመስስ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ ውጤት ምን ይውጠዋል?

“መተባበር በወሬ ነው እንጂ በተግባር አይሆንም” ለሚሉኝ መልሴ በየጉልቱ ይሸጣል። ላቀች የምትባለዋ የከሰል ምድጃ ከየት መጣች? የኬንያን ጂኮ አይተው የእኛዎቹ ለእኛ ወጥ እንድትሆን አድርገው ነው ያወጧት። ጂኮም ከሰማይ አልወረደም። ኬንያውያን ከታይላንድ ምድጃ ቀስመው ነው። ምርጥ ምድጃም እንዲሁ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። በ1980ዎቹ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ዲዛይኑን ሠሩ፣ የቤት እመቤቶች እየጋገሩ ፈተኑት፣ ሲሚንቶ አቡክተው ቅርጹን የሚያወጡ አምራቾች ገበያ አወጡት። በፈተናው ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ያህል ቀነሰ። እንግዲህ የምድጃ ዕውቀት ከታይላንድ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ አዲስ አበባ ባሕርና ድንበር ተሻግሮ መጥቷል። ከ4 ኪሎ 5 ኪሎ መሻገር የሚያቅተው ለምንድነው?

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ተመራማሪው ዕድገት የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ነው እንጂ ለጎረቤቱ ባካፈለው ውጤት አይደለም። ሁለተኛ፣ ለጋሹ ሁሉ የራሱ ዓርማ የተለጠፈበት የራሱ ፕሮጀክት ይፈልጋል። ሦስተኛው መሥሪያ ቤቱ ነው። ማዕድንና ኢነርጂ የነበረው በ2003 ዓ.ም. ኢነርጂው ተነቅሎ ውሃና ኢነርጂ ተባለ። ከዚያ መስኖ ተጨመረ፣ ከዚያ ኢነርጂ ተብሎ የነበረው ኤሌክትሪክ ተባለ፣ በ2014 ዓ.ም. ዞሮ ዞሮ ውሃና ኢነርጂ ሆነ። ታፔላ በተቀየረ ቁጥር ፋይል ከፎቅ ፎቅ ሲንከራተት የጠፋውን ማን ቆጥሮት!

“ፉክክርስ አይጠቅምም ወይ?” የሚሉ አሉ። ይጠቅማል እንጂ! ግን ፉክክር የሚሆነው አንድ መምና አንድ ሰዓት ሲኖር ነው። በ1993 ዓ.ም. ኃይሌ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ናይሮቢ ለየብቻቸው ሮጠው ቢሆን ኖሮ ማን አሸነፈ እንል ነበር? የምርምር ተቋሞቻችን የሚሮጡት እንደዚያ ነው። በየጓሯቸው ሮጠው፣ በየራሳቸው ሰዓት ለክተው፣ ሁሉም አንደኛ ይወጣሉ!

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ የጋራ መለኪያ ይኑር። ምድጃን ሁሉ ውሃ በማፍላት መለካት በዓለም ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ ነው፣ እኛ ግን እንጀራ አናፈላም! ለአንድ እንጀራ የፈጀው ኃይል ይለካ፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ውጤት ሁሉ፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ ማንም ገብቶ በሚያነበው አንድ መዝገብ ይቀመጥ። ያልተሳካውን መደበቅ ቀጣዩን በዚያው ጉድጓድ እንዲወድቅ መፍረድ ነው። ሦስተኛ፣ ከበፊቱ ምን እንደወሰደና ከማን ጋር እንደሚሠራ ያልጻፈ ፕሮጀክት ሰባራ ሳንቲም አይሰጠው። ይህ አዲስ ሕንፃም አዲስ ሚኒስቴርም አይጠይቅም። ቦርሳውን የያዘው ክፍል ከልቡ ከፈለገ የሚያደርገው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በምን ተሠራ? ወዶም ይሁን ተጎትቶ፣ ዘበኛው፣ አስተማሪው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ አዋጥተው ነው። ቦንድ ገዝተው፣ ከወር ደመወዛቸው አስቆርጠው። እንግዲህ “አዋጣ” ሲባል ከጉሮሮው ቀንሶ ያዋጣ ሕዝብ፣ በገንዘቡ የተገኘውን ዕውቀት “እናንተም አዋጡ” ቢል ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

እኔ በጭስ ዓይኗ የሚያለቅስ እናት ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጣውን ምጣድ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የእሷ ዓይን ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!