ድምፅ የሰማ ሁሉ አብዷል ወይ?

ሐሳቤን ከመሰንዘሬ በፊት አንድ ገጠመኜን ላውጋችሁ። የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን እንደጨረስኩ በክረምቱ ዕረፍት ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ላግኝ ብዬ ወደ አብደራፊ ወርጄ ነበር። አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነች የሰሊጥ አገር ናት። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደው ወጣት ለቁጥር ያስቸግራል። እኔም ከነዚያ አንዱ ሆኜ ሐምሌን ሙሉ ሰሊጥ ሳርም ከረምኩ።

በቡድናችን ውስጥ ዕድሜው ከ18 የማይበልጥ አንድ የጎጃም ልጅ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ትእዛዝ ግን አይዝም። ካቦው «ከዚህ መስመር ጀምር፣ ዛፏ ጋ ስትደርስ ተመለስ፣ ስትመለስ ጀሪካኑን ይዘህ ና» ይለዋል። ልጁ መስመሩን ይጀምራል፣ ዛፏን ያልፋታል፣ ጀሪካኑም እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከጎንበሰበት ቀና አለና «አቤት!» አለ። ማንም አልጠራውም። «እናቴ ጠራችኝ» አለን። እናቱ ያለችው ጎጃም ነው። ይኸው ነገር በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ተደገመ።

መቼም መልስ አይጠፋም። አንዱ «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ ነው» አለ። ሌላው «የቀትር ጋኔን ነው፣ ሦስት ጊዜ ካልተጠሩ አቤት አይባልም» ብሎ መከረ። ካቦው ወደ እኔ ዞሮ «ተማሪው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ ኮራ ብዬ «የአእምሮ በሽታ ምልክት ነው፣ ሳይኮሲስ ይባላል» አልኩት። በማግስቱ ልጁ ሒሳቡ ተሰጥቶት ከቡድኑ ወጣ። «እብድና ስለት አንድ ላይ አላሠራም» ነው ያለው ካቦው። ልጁ ፌስታሉን አንጠልጥሎ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም። ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ግንባሩን እንኳ በእጄ አልነካሁትም ነበር።

በእኔ እምነት በዚያ ቀን ከተሰጡት ሦስት መልሶች የከፋው የእኔ ነው። ወባ ያለው ሰው በአንዲት ጠብታ ደም ሊጣራ የሚችል ነገር ተናገረ። ጋኔን ያለውም ቢሆን ልጁን «ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» ነው ያለው። እኔ ግን ያላረጋገጥኩትን ስም ሰጥቼ እንጀራውን ዘጋሁበት። ይህ ጽሑፍ ያንን ስሕተቴን መሠረት በማድረግ፣ ስለ ሥራ ትውስታና ስለ ሳይኮሲስ መሰል ገጠመኞች የተማርነውን እንዴት ብንጠቀምበት ይሻላል የሚለውን ለመወያየት ያህል የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሥራ ትውስታ ጥቂት ልበል። ወርኪንግ ሜሞሪ የምንለው አንድን ነገር ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሮ ይዞ፣ እየያዙ ደግሞ መሥራት ነው። ባድሌይና ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርቡ ዕቃ እንደሚቀመጥበት ጎተራ ሳይሆን ሥራ እንደሚሠራበት ጠረጴዛ አድርገው ነበር ያዩት። ጠረጴዛው ጠባብ ነው። ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. 7 ያህል ነገር ይይዛል ቢልም፣ ካውአን በ2001 እ.ኤ.አ. ነገሩን ሲመረምር ወደ 4 አወረደው።

ይህ ችሎታ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነው እንዴ? አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ብራና የለው፣ ብዕር የለው። ቃሉን፣ ቤቱን፣ ሰሙንና ወርቁን በአእምሮው ይዞ እያገላበጠ ይሠራና ለየኔታ በቃሉ ይነግራል። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ 8 ቤት መወድስ የሚወጣው በደረጃ ነው። ይህ እንግዲህ ጠረጴዛውን ቀስ በቀስ ማስፋት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሳይኮሲስ መሰል ገጠመኝ የሚባለው ደግሞ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰው ሐሳቤን ያነብብኛል ወይም ያሳድደኛል ብሎ መጠርጠርና የመሳሰለው፣ ሆኖም በሽታ ለመባል የማይበቃ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ይህ ከሺህ አንድ ሰው የሚያጋጥም ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ክለሳ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 17 በመቶ፣ ከ13 እስከ 18 ካሉት ደግሞ 7.5 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ገጠመኝ እንዳላቸው ያሳያል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ክለሳም ገጠመኙ ካላቸው ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ ላይ ከጊዜ በኋላ እንደሚጠፋ፣ ወደ ሳይኮሲስ በሽታ የሚያድገው ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ይገልጻል። በዚህ ስሌት እኔ አብደራፊ ላይ የፈረድኩት ፍርድ የመሳሳት ዕድሉ ምን ያህል እንደነበር እናንተው አስሉት።

ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ወይ? አዎ፣ ይገናኛሉ። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሥራ ትውስታ መዳከም በተደጋጋሚ ከታዩት ነገሮች አንዱ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 9 እና 10 የሆኑ ከ11 ሺህ በላይ ልጆችን በሚከታተለው ትልቅ ጥናት ላይም፣ ሳይኮሲስ መሰል ገጠመኝ የበዛባቸው ልጆች በሥራ ትውስታ ፈተና በአማካይ ዝቅ ያለ ውጤት አግኝተዋል። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሰው በውስጡ ሲያወራ «ይህ የራሴ ሐሳብ ነው» የሚለውንም አብሮ መያዝ አለበት። ጠረጴዛው ሲጠብና የሐሳቡ ባለቤት ሲጠፋ፣ የራስ ሐሳብ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ይመጣል።

ማብራሪያው ደስ ይላል፤ ሆኖም «በአማካይ» የምትለዋን ቃል አንርሳት። ልዩነቱ የቡድን ልዩነት ነው። ጥሩ ትውስታ ይዞ ድምፅ የሚሰማ አለ፣ ትእዛዝ የማይዝ ሆኖ ምንም የማይሰማም አለ። የቁጥር ፈተና ወድቋል ተብሎ አንድን ልጅ ለሳይኮሲስ መመደብ፣ ረጅም ስለሆነ ኳስ ይችላል እንደማለት ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ምክንያት ነው። ሁለቱንም፣ ማለትም ትውስታን ማዳከምንም ድምፅ ማሰማትንም፣ በአንድ ጊዜ ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች አሉ። አብደራፊ ደግሞ ሁሉም አሉ። እንቅልፍ ማጣት አለ፤ በዳስ ውስጥ በትንኝ እየተበሉ አድሮ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው። እንቅልፍ ያጣ ጤነኛ ሰው የሥራ ትውስታው እንደሚወርድ፣ ሲብስም የሌለ ነገር እንደሚያይና እንደሚሰማ በሙከራ የታወቀ ነው። ጫትና አረቄም አሉ። ወባ አለች። ወባ አንጎል ላይ ስትወጣ ሰውን ታስቀባጥራለች፣ ትገድላለችም፤ ከዳነም በኋላ ጠባሳ ልትተው ትችላለች። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ የአንጎል ወባ ታመው ከዳኑ ልጆች ከ4 በ1ዱ ገደማ ላይ ከ2 ዓመት በኋላም የማሰብ ችሎታ ጉድለት ታይቷል።

ችግርና ሐሳብም ራሳቸው ጠረጴዛውን ይይዛሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በሕንድ ታሚል ናዱ የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ሲፈተኑ፣ ያው ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሳይገባ በፊት ያገኘው ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። እንግዲህ ብድር ያለበት፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀው፣ የቀን ሒሳቡ ይቆረጥብኝ ይሆን እያለ የሚያርም የ18 ዓመት ልጅ ሦስት ትእዛዝ ባይዝ ምን ይገርማል?

የአገራችን ሰው ትውስታንና እብደትን ከድሮም አገናኝቶ ነው የሚያያቸው። በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ ትምህርት እንዲገባ ተብሎ ስለሚጠጣው አብሾ ያልሰማ የለም፤ የአእምሮ መክፈቻው ሲበዛ ያሳብዳል ይባላል። ሲሰክር የሚያስቸግረውንም ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። አስተናግር የሚባለው ተክል ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ትውስታን ያደነዝዛሉ፣ የሌለ ነገርም ያሳያሉ። ስኮፖላሚንማ የትውስታ ድክመት እንዴት እንደሚመጣ ለማጥናት በቤተ ሙከራ ያገለግላል። ስለዚህ «ምን ቀመስክ? ምን ጠጣህ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ቴስት ይቀድማል።

ወደ ቴስቶቹ ከመጣን፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጥሮ ውጤት መስጠት ፊደል ያልቆጠረን ሰው ይበድላል። መጠይቁም እንደዚያው ነው። «ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ?» ብንል፣ በሱባኤ ላይ ያለ ሰውም፣ ቀትር ላይ ስሙ የተጠራ እረኛም «አዎ» ይላል። ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ልንከታቸው ነው? የቡታጅራ ጥናት እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእ.ኤ.አ. በተጀመረው በዚያ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቋል። ታዲያ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች በማግኘት ረገድ ከዓለም አቀፉ መጠይቅ ይልቅ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች ጥቆማ የበለጠ ጠቅሟል። ሰው ሰውን ያውቃል። ያንን ልጅ ትናንት የነበረበትንና ዛሬ ያለበትን አይቶ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚል፣ አብሮት የሚተኛ ጓደኛው ነበር፤ እኔ ግን እሱን አልጠየቅኩትም።

«ታዲያ ዝም ይባል? ከመቶው ሰባቱ ቢታመሙስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር መዳኑ ይከብዳል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕክምና የሚታሰበው ሰንሰለቱ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ የምቃወመው መከታተልን ሳይሆን ስም መለጠፍን ነው። ስም የተለጠፈበት ልጅ ሁለተኛ ድምፅ ሰማሁ ብሎ አይናገርም፤ የማይናገረውን ደግሞ ማን ይከታተለዋል? ጠበልንም አልቃወምም። ጠበሉንም እየተጠመቀ መድኃኒቱንም እየወሰደ መዳን ይችላል። ትኩሳት ይዞት የሚቀባጥር ሰው ግን በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የሰዓታት ጉዳይ ነውና።

በመሆኑም ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለተግባር ልምምድ ስንወጣ የጥያቄያችን ቅደም ተከተል ይስተካከል፦ ትኩሳት፣ እንቅልፍ፣ የተቀመሰና የተጠጣ ነገር፣ ከዚያ ድምፁ ስንት ጊዜ እንደቆየና ያስጨንቀው እንደሆነ፣ በመጨረሻም ሥራውንና ኑሮውን ያሰናክልበት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የሥራ ትውስታ መለኪያ ከራሳችን ኑሮ እናዘጋጅ። የካቦ ትእዛዝ፣ የገበያ ሒሳብ፣ የመንገድ ጥቆማ ሁሉ ለዚህ ይሆናል፤ መምህራኖቻችንም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ቢያደርጉት መልካም ነው። ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን መሞከር ሲጀምር ሐሳቡ የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ሳይኬድ በየጤና ጣቢያው ይገኝ የሚል ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አብደራፊ ላይ ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለብዙ ዓመታት ሲያክም የኖረው፣ በሽታው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የቀን ሠራተኛውም ጭንቅላት ያለው እዚያው ነው። ክረምት ክረምት እዚያ የምንወርድ ተማሪዎች ቢያንስ በአማርኛ የተጻፈች የአንድ ገጽ መመሪያ ይዘን እንውረድ።

ያ ልጅ ዛሬ ቢገጥመኝ ምን እለው ነበር? መጀመሪያ ግንባሩን እነካለሁ። ቀጥሎ ጥላ ሥር አስቀምጬ ውሃ እሰጠዋለሁ። ከዚያ «እናትህ ስትጠራህ ምን ትልሃለች?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ለካቦው ደግሞ «ተማሪው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ፣ «ገና ምንም አልልም ጋሼ፤ ዛሬ ይረፍ፣ ነገ ደሙ ይታይ፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ» እለዋለሁ።