ውኃ የቋጠረ የኋላ መብራት ስንት ያወጣል?

ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ አውቶሞቢሎች የኋላ መብራት ማልቀስ ይጀምራል፡፡ በአንዱ ውስጥ ጉም ይታያል፣ በሌላው ጠብታ፤ በሦስተኛው ደግሞ ውኃው እስከ ወገቡ ሞልቶ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፡፡ ባለመኪናው ያያል፣ ደላላው ያያል፣ ገዢውም ያያል፡፡ ድርድሩ ላይ ግን ማንም አያነሳውም፡፡ የሞተሩ ድምፅ ይደመጣል፣ ላሜራው በጣት ይንኳኳል፣ የጎማው ጥርስ ይታያል፤ የኋላ መብራቱ «እሱ ቀላል ነው» ተብሎ ይታለፋል፡፡

ቀላል የነበረበት ጊዜ አልፏል፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፡፡ ሦስቱ ሲደመሩ ውጤቱ ግልጽ ነው፡፡ በእጃችን ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ክረምት ይሻገራል፤ የሚለወጥለት መብራት ግን በዶላር የሚመጣ ነው፡፡ ትናንት «ጣለውና ሌላ ግዛ» ይባልለት የነበረው ዕቃ ዛሬ ተጠግኖ መዋል አለበት፡፡

ጥገናውማ አለ፤ በየጋራዡ በር ይሠራል፡፡ ችግሩ ገበያው የኋላ መብራትን የሚገምተው በሽፋኑ ብልጭታ እንጂ በመገጣጠሚያው ጥብቀት አለመሆኑ ነው፡፡ ስለዚህም የሚያብረቀርቅ ነገር ግን የሚያፈስ መብራት ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ በትክክል የታሸገው ደግሞ ከእሱ እኩል ይሸጣል፡፡ ልፋት ዋጋ በማያገኝበት ገበያ የሚለፋ ሰው አይገኝም፡፡

ውኃው ከየት ይገባል?

ብዙ ሰው የመኪና መብራት እንደ ታሸገ ጠርሙስ አየር የማያስገባ ይመስለዋል፡፡ አይደለም፡፡ አብዛኛው መብራት ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ መተንፈሻ አለው፡፡ በተለመደው የኋላ መብራት ውስጥ የማታው አምፖል 5 ዋት፣ የፍሬኑ ደግሞ 21 ዋት ነው፡፡ አምፖሉ ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ይሞቅና በመተንፈሻው ይወጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይቀዘቅዝና የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፡፡ በሐምሌና በነሐሴ የሚስበው አየር እርጥብ ነው፡፡ ያ እርጥበት በቀዝቃዛው ፕላስቲክ ላይ፣ ከፍሪጅ በወጣ ጠርሙስ ላይ እንደምናየው፣ ጤዛ ይሠራል፡፡

የአገራችን መልክዓ ምድርም የራሱ ድርሻ አለው፡፡ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፡፡ በወረደ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና ወደ መብራቱ ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ የውስጡ አየር ለመውጣት ይገፋል፡፡ መተንፈሻው ክፍት ከሆነ ጉዳት የለውም፡፡ ከተደፈነ ግን ያ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው በመገጣጠሚያው ላይ ነው፡፡

እንግዲህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፡፡ ጠዋት የታየ ስስ ጉም መብራቱ በርቶ ጥቂት ከተነዳ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ብልሽት አይደለም፤ ማንም ገንዘብ አያውጣበት፡፡ ጠብታ ሆኖ የሚወርድ፣ ከታች የሚጠራቀም፣ ፀሐይ ወጥቶም የማይደርቅ ከሆነ ግን ውኃው የሚገባው በቀዳዳ ነው፡፡ ቀዳዳው ዘወትር ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው፤ ቀዩ ሽፋን ከመብራቱ ቤት ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ፣ የአምፖሉ ሶኬት ያረጀ የጎማ ቀለበት፣ በግጭት የተሰነጠቀ ሽፋን፣ እንዲሁም መብራቱ ከላሜራው ጋር የሚገናኝበት ስፖንጅ፡፡ የመጨረሻው ሲያረጅ ውኃው መብራቱን አልፎ ወደ ኋላው የዕቃ መጫኛ ይገባል፤ ስኮርት ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድ ለምን እንደዛገ የማይገባው ባለመኪና መጀመሪያ ይህን ይመልከት፡፡

የሲሊኮን ነገር

አሁን የሚታየው ጥገና እንዲህ ነው፡፡ ሠራተኛው መብራቱን ሳያወልቅ፣ አቧራውን እንኳ በወጉ ሳይጠርግ፣ በዙሪያው ሲሊኮን ይለቀልቃል፡፡ ውኃው ውስጥ እንዳለ ይታሸጋል፡፡ ይባስ ብሎ መተንፈሻውንም «ቀዳዳ አገኘሁ» ብሎ ይደፍነዋል፡፡ መኪናው ለአንድ ሳምንት ጥሩ ይመስላል፤ ለመሸጥ አንድ ሳምንት ይበቃል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው የገዢው ዕዳ ነው፡፡

ሲሊኮን ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም፡፡ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ይተፋል፤ ይህም የሶኬቱን መዳብና የብርሃን አንጸባራቂውን ይበላል፡፡ ለመብራት የሚሆነው ይህ ሽታ የሌለው ዓይነት ነው፡፡ ሽፋኑን በቤንዚን ወይም በቲነር መወልወልም ሌላው ጥፋት ነው፤ ፕላስቲኩ ለጊዜው ይጠራና ቆይቶ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፡፡ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃል፡፡ ከታች በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ማውጣት የሚወዱም አሉ፡፡ ውኃው ይወርዳል፣ እውነት ነው፤ በዚያው ቀዳዳ አቧራና የላቫጆ ውኃ ይገባል፡፡ ቀዳዳውን የሠራ ሰው የሚያፈሰውን ቦታ ሳያገኝ ነው ገንዘቡን የተቀበለው፡፡

ትክክለኛው ሥራ

ትክክለኛው ሥራ ምስጢር የለውም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፡፡ መብራቱ ይወልቃል፣ አምፖሎቹ ይወጣሉ፡፡ ከዚያ ጎሚስታ ካላማዳሪያን እንደሚፈትሸው ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተይዘው ቤቱ ውኃ ውስጥ ይነከርና በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ተብሎ ይነፋል፡፡ አረፋ የወጣበት ቦታ የበሽታው ቦታ ነው፡፡ የኤል ኢ ዲ ሰሌዳው አብሮ የተሠራበት መብራት ግን አይነከርም፤ በዙሪያው የሳሙና ውኃ ተቀብቶ አረፋው ይታያል፡፡

ቀጥሎ ይደርቃል፡፡ ለብ ባለ አየር፣ ሌሊቱን ሙሉ እንጂ በሚያቃጥል ሙቀት አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማልና፡፡ ሽፋኑ በማጣበቂያ የተያያዘ ከሆነ በመጠኑ ሞቆ ይከፈታል፣ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ ይነሳል፣ አዲስ ይገባለታል፡፡ ፕላስቲኩ በፋብሪካ ቀልጦ የተበየደ ከሆነ ግን በጉልበት መክፈት መስበር ነው፤ የሚያፈሰው መስመር ብቻ ተፍቆና ጸድቶ ይታሸጋል፡፡ የሶኬቱ የጎማ ቀለበትና ከላሜራው ጋር የሚያገናኘው ስፖንጅ ይለወጣል፡፡ መተንፈሻው ይጸዳል እንጂ አይደፈንም፡፡ ማሸጊያው አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል፣ በመጨረሻ በጎማ ቱቦ ውኃ ይለቀቅበትና ይታያል፡፡

ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል፡፡ ደንበኛው ግን «አንድ ቱቦ ሲሊኮን ለቀባህበት ይኼን ሁሉ?» ይላል፡፡ እዚህ ላይ ነው ገበያችን የታመመው፡፡ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለእጅ አንከፍልም፡፡ ሠራተኛውም አይቶ ተምሯል፤ በሰዓት የሚያልቀውን ይሠራል፡፡

ለጉዳዩ ክብደት መስጠት ያለብን ግን ከገንዘብም በላይ በሆነ ምክንያት ነው፡፡ ውኃ የገባበት ሶኬት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ወይ ኮንታክት ፈጥሮ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ወይ አምፖሉ መብራት ይተዋል፡፡ ሾፌሩ ከፊት ተቀምጦ የፍሬን መብራቱ መጥፋቱን አያይም፡፡ የሚያየው ከኋላው የሚመጣው ነው፤ እሱም የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፡፡ በዝናብ፣ በምሽት፣ በቁልቁለት መንገድ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል መንገር አያሻም፡፡

ለነጋዴውና ለደላላው

አስመጪው ዓይኑን እዚህ ላይ ቢጥል ይጠቀማል፡፡ የኋላ መብራት ማለት በአብዛኛው በካርቶን ተጠቅልሎ የሚጫን አየር ነው፤ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ብዙ፣ መንገድ ላይ የሚሰበረውም አይጠፋም፡፡ የሶኬት ቀለበት፣ ስፖንጅ፣ መተንፈሻና ትክክለኛው ማሸጊያ ግን በአንድ ካርቶን ለብዙ መኪና የሚበቃ ይገባል፡፡ ዶላር በተወደደበት ዘመን በትንሽ ዶላር ብዙ መብራት የሚያድን ዕቃ ማምጣት መልካም ንግድ ነው፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጡትም «እኛን አይመለከትም» አይበሉ፡፡ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የኋላ መብራቱ አንድ ወጥ ነው፤ ኤል ኢ ዲው ከሰሌዳው ጋር ተሠርቶ የሚመጣ ስለሆነ ውኃ ከነካው አምፖል ቀይሮ መገላገል የለም፡፡ ኤል ኢ ዲ ሙቀቱ አነስተኛ በመሆኑም የገባውን ጉም እንደ አሮጌው አምፖል ቶሎ አያደርቅም፡፡ ነገ የሚመጣው ጥያቄ ከዛሬው ይልቅ ውድ ነው፡፡

ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መብራት የሚገዛም ከብልጭታው አልፎ ጀርባውን ይገልብጥ፡፡ የሶኬቱ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል? በሽፋኑ ውስጥ ውኃ የቆመበት የመስመር ምልክት አለ? በዙሪያው ትኩስ ሲሊኮን ይታያል? መተንፈሻው ክፍት ነው? አራቱን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፡፡ የአራቱ መልስ ግን የዋጋው ግማሽ ነው፡፡

ደላላው ደግሞ የሁለቱም ወገን ሰው ነው፡፡ «ይህ ጥቃቅን ነገር ሽያጭ ያበላሻል» ይል ይሆናል፡፡ በእኛ አስተያየት ሽያጭ የሚያበላሸው በሁለተኛው ዝናብ ስልክ ደውሎ የሚጮህ ገዢ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ለመብራት ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ጥቂት ነው፤ ያንን ደላላ ለሌላ ሰው የማይጠቁም ግን ብዙ ነው፡፡ ጉድለቱን አስቀድሞ ተናግሮ የማሸጊያውን ያህል ከዋጋው ማስቀነስ ለሦስቱም ይበጃል፡፡

ጋራዦች ቢሰሙን አንድ ነገር እንጠይቃለን፡፡ መብራት ማሸግን እንደ ምርቃት ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ ሥራ ዋጋ አውጡለት፤ በደረሰኝ ላይም «ለአንድ ክረምት ዋስትና አለው» ብላችሁ ጻፉ፡፡ ያን የጻፈ ጋራዥ እጥፍ ቢያስከፍል የሚከፍለው ደንበኛ አያጣም፤ ያልጻፈው ደግሞ ለምን እንዳልጻፈ ደንበኛው ራሱ ይገምታል፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው፡፡ የኋላ መብራት ቅጠሉ የአንድ የጎማ ቀለበት ዋጋ ነው፡፡ ቃጠሎው ግን በዶላር የሚመጣ ሙሉ መብራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነው፡፡

መልካም ገበያ!